በአባቴ ማርሽ

አባቴ የሐዋሳን መንገድ የሚያውቀው በማርሽ ነው። የሞጆ ወንዝ ድልድይ ከመድረሱ በፊት የት ላይ ማርሽ መቀነስ እንዳለበት፣ ከላንጋኖ በኋላ ያለው ዳገት ጭነት የያዘን መኪና የት ላይ እንደሚያስጨንቀው፣ ሻሸመኔ በስንት ሰዓት ቢገባ ገበያው መንገድ እንደማይዘጋበት ዛሬም በቃሉ ይዘረዝራል። ወጣትነቱን በፊያት ኤንትሬ፣ ጎልማሳነቱን በተሳቢ ያሳለፈ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ጡረታ ወጥቷል፤ መንጃ ፈቃዱ ግን ከደረት ኪሱ አይለይም።

ጡረታ ሲወጣ እኛ ልጆቹ ያደረግነው የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ አስቀመጥነው። ውሃ ሲፈልግ አቀበልነው። ዳቦ ሊገዛ ሲነሳ «አባዬ፣ አንተ ቁጭ በል» አልነው። የሚይዘውን ፌስታል ከእጁ ተቀበልነው። ሁሉም ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን ደም ግፊቱ መጣ፣ ስኳሩም ድንበር ላይ ነው ተባለ፣ ጉልበቱ ደረጃ ሲያይ ማማረር ጀመረ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጽፎ ሲጨርስ ቀና ብሎ «በቀን ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ?» አለው። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «እሷን ጠይቃት» ብሎ መለሰ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያች መልስ ምክንያት ነው። በእኛ ቤት ሽማግሌን ማክበር ማለት ወንበር መስጠት ነው፤ ወንበሩ ግን ሰውየውን ቀስ እያለ ይወስደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ ይመክራል። ጡንቻ የሚያጠነክር፣ ሚዛን የሚያስጠብቅ ልምምድም ይጨምርበታል። ይህ ምክር ለስፖርተኛ የተሰጠ አይደለም፤ ለአባቴ፣ ለእናቴ፣ በየቤቱ በር ላይ ፀሐይ ለሚሞቁት ሁሉ ነው።

ብስክሌቱ የመጣው በ«መንገድ ለሰው» ነው። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ በተመረጡ እሑዶች ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ይዘጉና ሕዝቡ ይሮጥባቸዋል፣ ይጫወትባቸዋል፣ ብስክሌት ይነዳባቸዋል። አባቴ አብሮኝ የወጣው መኪና የሌለበት አስፋልት ምን እንደሚመስል ለማየት ነበር። አንድ ብስክሌት የሚያከራይ ወጣት «ፋዘር፣ ይሞክሩት» አለው። ልከለክለው አፌን ከመክፈቴ በፊት እግሩን አሻግሮ ኮርቻው ላይ ነበር። ልጅ ሳለ የተማረው ነገር ከሰውነቱ አልወጣም፤ ትንሽ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ቀጥ አለ።

ጉልበቱ እንዴት ቻለ? ብስክሌት ላይ አብዛኛው ክብደታችን የሚያርፈው ኮርቻው ላይ ነው። በእግር ስንወርድ እያንዳንዱ እርምጃ ጉልበትን ይመታዋል፤ ፔዳል ግን ይዞራል እንጂ አይመታም። ዋናው ነገር የኮርቻው ከፍታ ነው፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ትንሽ እጥፍ እንዳለ መቅረት አለበት። ብዙ ጊዜ በየሰፈሩ የምናያቸው አዋቂዎች እግራቸው መሬት እንዲነካ ብለው ኮርቻውን በጣም ያወርዱታል፤ ከዚያ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ብስክሌቱን ይወቅሳሉ። የአባቴን ኮርቻ በጣት በጣት እያነሳሁ አስተካክዬለታለሁ፤ ትክክለኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ፊቱ ነገረኝ።

ጎረቤት ግን ዝም አላለም። «ለሽማግሌ ሳይክል ምኑ ነው?» ያለ አለ፣ «ልጅቷ ልትገድለው ነው» ያለችም አለች። ብስክሌት ለዚህ አገር እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ በተሳተፈችበት በሜልቦርን፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ገረመው ደንቦባ በጎዳና ላይ ውድድር ነድቷል። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ዕድሜን በተመለከተ ደግሞ ለጎረቤቶቻችን የነገርኳቸው የፈረንሳዊውን የሮቤር ማርሻንን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ተወልዶ በ2021 ያረፈ ሰው ነው። በ100 ዓመቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ 24 ኪሎ ሜትር ከሩብ ያህል ነዳ፤ በ102 ዓመቱ ደግሞ ወደ 27 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ። በሁለት ዓመት አርጅቶ ፈጠነ ማለት ነው። የሰውነት ብቃት ተመራማሪዋ ቬሮኒክ ቢያ ልምምዱን አስተካክላለት ስትለካው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ 13 በመቶ ጨምሮ አገኘችው። የማይንቀሳቀስ ሰው ይህን አቅም ከ30 ዓመቱ በኋላ በየአሥር ዓመቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል ተብሎ ይገመታል። የሚንቀሳቀስ ሰው ግን የሚያጣው ያንሳል፣ ያጣውንም በከፊል ይመልሳል።

እኔና አባቴ መንዳት ቀጠልን፤ እሑድ እሑድ ከተማ ውስጥ፣ ቀጥሎ በማለዳ ወደ ቃሊቲ፣ ቀጥሎ ደብረ ዘይት ደርሶ መልስ። ሐኪሙ ልቡን መርምሮ ፈቀደ። ሐዋሳ የሚለውን ስም መጀመሪያ ያነሳው ራሱ ነው።

ከመርካቶ ያገለገለ ባለ ማርሽ ብስክሌት ገዛንለት። ከፊት ትንሿ ጥርስ 28፣ ከኋላ ትልቁ 34 ነው፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ ሙሉ ዙር እንኳ አይሞላም። ለጀማሪ ይህን ለማስረዳት ብዙ ይለፋል። አባቴ ግን ጥርሶቹን በጣቱ ቆጠረና «ይቺማ አንደኛ ናት፤ ዓባይ በረሃን የምትወጪባት» አለ። ዕቃውን ያሰርነው በኋላ መጫኛው ግራና ቀኝ፣ ዝቅ አድርገን ነው። ጀርባ ላይ የሚታዘል ሻንጣ ወገብ ይጎዳል፣ ከፍ ያለ ጭነትም ሚዛን ያስታል። እዚህ ላይ ተከራክሬው አላውቅም፤ ጭነት ማሰር ሥራው ነው።

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፣ ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ገደማ ላይ። ስለዚህ በጥቅሉ ቁልቁለት ነው። ወራቱን የመረጥነው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው፤ በበጋ ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚመጣ ወደ ደቡብ ለሚወርድ ሰው ጀርባ ይሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ብስክሌት አያስገባም፣ አሮጌው መንገድ ነው ያለው። ከመነሳታችን በፊት አባቴ በየከተማው ለሚያውቃቸው የድሮ ባልደረቦቹ እየደወለ «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዛሬ ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ መንገድ እንዲወጣ ማንንም አልመክርም።

ስንነሳ አንድ ሕግ አወጣን፤ ቀርፋፋው ከፊት። ፈጣኑ ከፊት ከሆነ የኋለኛው እሱን ለመድረስ ሲል ከልኩ በላይ ይገፋል፣ ከሰዓት በኋላም ይወድቃል። ብስክሌተኞች ተከታትለው የሚነዱት ነፋስ ለመከላከል ነው፤ ነገር ግን በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ከዚያ የሚገኘው ትርፍ ትንሽ ነው። ስለዚህ አባቴ ይመራል፣ እኔ እከተላለሁ፣ ከኋላ የሚመጣውንም መኪና በመስታወቴ አይቼ እጮሃለሁ። እሱ ለዚህ ድርሻዬ ወዲያው ስም ሰጠው። «ረዳት!» ይለኛል፣ «ኋላ ምን አለ?» «ሲኖትራክ አባዬ፣ ባዶውን ነው።» ባዶ መሆኑን ከድምፁ መለየት እሱ ነው ያስተማረኝ።

አቃቂና ዱከም መካከል ያለውን ጭስና ግፊያ ፈጥኖ ማለፍ እንጂ ሌላ የሚባል የለም። ከዚያ የቀረልኝ አንድ ትምህርት ብቻ ነው፤ የከባድ መኪና ነፋስ። ትልቅ መኪና በጎን ሲያልፍ መጀመሪያ አየሩን እየገፋ ወደ ዳር ያስወጣሻል፤ የኋላው ሲያልፍ ደግሞ ወደ ውስጥ ይስብሻል። አዲስ ብስክሌተኛ ሲገፋ ደንግጦ መሪውን ወደ መንገዱ ያዞራል፣ በዚያው ቅጽበት መሳቡ ይመጣና አደጋው ይደርሳል። አባቴ ይህን ነገር ከሌላኛው ወገን፣ ከመሪው ላይ ሆኖ ዕድሜ ልኩን አይቶታል። «ሲገፋሽ አትመልሺ። ክንድሽን አላልተሽ ያዢው፣ ያልፋል» አለኝ።

በሞጆ ወንዝ ድልድይ መውረጃ ላይ ግን የሾፌርነቱ እውቀት ከብስክሌቱ ጋር ተጋጨ። የከባድ መኪና ሾፌር የመጀመሪያ ሕግ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ነው፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፣ ፍሬኑም አይግልም። አባቴ ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን ቀነሰ። ብስክሌቱ ግን ፈጠነ። የኋላው ጎማ ወደፊት ሲንከባለል ከፔዳሉ ተላቆ በነፃ ስለሚዞር ማርሽ ምንም አይዝም፤ ያለን ፍሬን ብቻ ነው። ታች ስንደርስ ቆሞ ጠርዙን በጣቱ ነካ፣ ግሏል። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ፍሬን ያዝ ለቀቅ እያደረግን፣ ወገባችንን ወደ ኋላ ስበን መውረድ ጀመርን፤ በየመሃሉ ጠርዙ ይቀዘቅዛል።

ቆቃ ላይ ሙቀቱ ጀመረ። በአዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ ጣሊያን በከፈለችው የጦርነት ካሳ ተገንብቶ እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀ ነው። አባቴ መብራቱን እንጂ ታሪኩን አያውቅም ነበር፤ ነገርኩት፣ ፔዳል ሳያቆም ረጅም ሰዓት ውሃውን እያየ ሄደ። በመኪና ሲያልፍ ዓይኑ አስፋልቱን እንጂ ሌላ አይቶ እንደማያውቅ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነገረኝ። ዓለም ጤና አካባቢ ያሉትን ግራሮች፣ የመቂን የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ፣ በውሃ መሳቢያ ሞተር ዙሪያ የሚሯሯጡ ልጆችን አሁን ነው የሚያየው። ልጆቹም ያዩታል። ሽበቱን ሲያዩ ከጋሪያቸው ላይ ተነስተው «ጀባዹ አባባ!» (በርታ) ይላሉ፣ እሱም እጁን ያነሳላቸዋል።

እዚህ ላይ የማስጠነቅቀው ነገር አለ። ሰው ሲያረጅ የውሃ ጥም ስሜቱ ይደክማል። ሰውነቱ ውሃ እያጣ ሳለ አፉ «አልጠማኝም» ይላል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ አንዳንዱ መድኃኒት ራሱ ስለሚያሸና ይበልጥ ይጠንቀቅ፣ ሐኪሙንም አስቀድሞ ይጠይቅ። ስለዚህ ጥሙን አልጠየቅኩትም፤ በሩብ ሰዓት አንድ ጊዜ ሁለት ጉንጭ፣ ይወደድም ይጠላም። ምግቡም እንዲሁ ነው። ያለማቋረጥ የሚነዳ ሰው ጡንቻው ውስጥ ያለው ስንቅ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ያልቅበታል፣ ከዚያ እግር ይከዳል፣ ዓይንም ይጨልማል። ውጭ አገር ለዚህ በከረጢት የታሸገ ስኳር ይሸጣሉ። እኛ በሶ አለን። በሶ በማር በጥብጦ፣ ጨው ጣል አድርጎ በውሃ መያዣ መያዝ ነው፤ ይጠጣል፣ ይበላል፣ ጨጓራ ላይ አይከብድም። ቆሎም ለመንገድ የተፈጠረ ነው።

ባቱ አደርን። እሱ ዝዋይ ነው የሚለው። ሐይቁ ዳር አባ ኮዳዎቹ የዓሣ አጥንት እየጠበቁ ቆመዋል፣ ቆሮሶ ጥብስ በአዋዜ በላን። አባቴ ድሮ ያድርበት የነበረውን የሾፌሮች ሆቴል ፈልጎ አጣው፤ ቦታው ፎቅ ሆኗል። የሚያውቀውን አንድ አዛውንት ጎሚስታ ግን አገኘ። ተቃቅፈው ብዙ ቆሙ፣ ስለማን እንደተጠያየቁ አልሰማሁም።

ከቡልቡላ ወዲያ የግራር አገር ነው፣ የግራር አገር ደግሞ የእሾህ አገር ነው። የፊት ጎማዬ ተነፈሰ። የጎማ ነገር ሲነሳ አባቴ ማንንም አያስጠጋም። ጎማውን በማንኪያ እጀታ ፈለቀቀ፣ ካላማዳሪውን አወጣ፣ በፖምፓ ነፋው፣ ከዚያ ውሃ ሳይፈልግ ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ ቀስ እያለ አዞረው። «ጣት የማትሰማውን ነፋስ ከንፈር ትሰማለች» አለኝ። ቀዳዳውን አገኘና በእስክሪብቶ ከበበው። ልለጥፍ ስል ያዘኝ፤ መጀመሪያ የጎማውን የውስጥ ገጽ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ እሾኋ ተሰብራ እዚያው ተቀምጣ ነበር። እሷ ሳትወጣ የተለጠፈ ካላማዳሪ መቶ ሜትር አይሄድም። ላስቲኩን በብርጭቆ ወረቀት አሻከረ፣ ማስቲሹን በስሱ ቀባ፣ ከዚያ ጠበቀ። ማስቲሽ እርጥብ ሳለ አይይዝም፤ ጣት ሲነካው እስከማይጣበቅ መድረቅ አለበት። ችኩል ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ስንጠብቅ የደንሎፕን ነገር ነገርኩት። በጎማ ላይ ስሙን ሺህ ጊዜ አንብቦታል፣ ሰው መሆኑን ግን አያውቅም ነበር። ጆን ቦይድ ደንሎፕ ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም ነበር፣ ቤልፋስት ይሠራ ነበር። ትንሹ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱን በድንጋይ መንገድ ሲነዳ ጠጣሩ ጎማ ያንገጫግጨው ነበር። አባትየው ከስስ ላስቲክ ቱቦ ሠርቶ፣ አየር ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ በእንጨት ጎማ ላይ ቸነከረለት። የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። አየር የሚሞላ ጎማ ከእሱ በፊትም ሮበርት ቶምሰን የተባለ ሌላ ስኮትላንዳዊ አስቦት ነበር፣ ዓለም ላይ የተሰራጨው ግን ከዚያ ልጅ ብስክሌት ተነስቶ ነው። አባቴ ልጥፉን በአውራ ጣቱ እየተጫነ «ለልጁ ብሎ?» አለ። አዎ አልኩት። «ጎበዝ» አለ፣ ጎማውንም ወደ ቦታው መለሰ።

የአብጃታ ሐይቅ ሸሽቷል። ከመንገዱ ከፍ ካለው ቦታ ሆነን ስናይ አባቴ ውሃው የት ድረስ ይመጣ እንደነበር በእጁ አሳየኝ፣ አሁን ነጭ መሬት ነው። ወደ ሐይቁ የሚገባው ውሃ ከላይ ለመስኖ ይጠለፋል፣ የሶዳ አሽ ማምረቻውም ከሐይቁ ሲስብ ኖሯል። የፓርክ ሐይቅ በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ውስጥ እንዲህ ሲሸሽ ማየት ያስቆጣል፣ ተቆጥቻለሁም።

ከላንጋኖ ወደ አርሲ ነገሌ ያለው ዳገት 400 ሜትር ያህል ወደ ላይ ያወጣል። የፈራሁት እሱን ነበር። ሽማግሌ ዳገት ላይ ከልኩ እንዳያልፍ መለኪያው ወሬ ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻለ ልቡ ደህና ነው፣ ቃላት መቆራረጥ ሲጀምሩ መቆም ነው። ስለዚህ «አባዬ፣ አውራኝ» አልኩት። በትንሿ ጥርስ፣ ከእግረኛ ብዙም በማይፈጥን ፍጥነት እየወጣን ማውራት ጀመረ።

ያወራው የ77ቱን ድርቅ ነው። ከአሰብ ወደብ የእርዳታ እህል ወደ ወሎ ያመላልስ እንደነበር ቤታችን ሁሉም ያውቃል፣ ከዚያ ያለፈ ግን ተናግሮ አያውቅም። ጆንያው ተቆጥሮ ይጫናል፣ ተቆጥሮ ይራገፋል፣ አንዱ ቢጎድል ተጠያቂው ሾፌሩ ነው። መንገድ ዳር ግን ሰው ተቀምጧል፣ እጁን ማንሳት እንኳ የማይችል ሰው። «ከኋላዬ እህል ጭኛለሁ» አለ፣ «ማቆም አልችልም።» ትንፋሽ ወሰደ። እሱና ረዳቱ የራሳቸውን ስንቅ፣ ዳቦውንም ቆሎውንም፣ በመስኮት እየሰጡ ያልፉ ጀመር፤ ከዚያ ኮምቦልቻ ድረስ ባዶ ሆዳቸውን። አንድ ቀን ረዳቱ ውረድ ሳይባል ወርዶ አንዲት ሕፃን ታቅፎ ተመለሰ። ጋቢና ውስጥ በመካከላቸው አስቀመጧት። እዚህ ላይ ቃሉ ተቆረጠ፣ ድካም ይሁን ሌላ መለየት አልቻልኩም። ቆምን፣ ውሃ ጠጣ፣ ሲነሳ ከተወው ቦታ ቀጠለ። ልጅቷን ኮምቦልቻ መጠለያ ለነበሩ ነርሶች አስረክበዋታል። ስሟን አልጠየቁም።

ይህን ነገር ለምን ቤት ውስጥ እንዳልነገረን አሁን የገባኝ ይመስለኛል። በእኛ ወግ አባትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው እንዲህ ያለ ነገር አያወሩም። መንገድ ላይ ግን እሱ ከፊት ነው፣ ፊቱን አላይም፣ ፊቴን አያይም፤ እግሩም ሥራ ይዟል። ወላጆቻቸው ብዙ ነገር ይዘው ዝም ያሉ ልጆች ካሉ ዳገት ፈልጉ እላለሁ፤ ብስክሌት ባይኖር በእግር።

ነገሌ በጭኮ ተቀበለችን። ከዚያ ሻሸመኔ ድረስ ያለው ቀላል ነው። አባቴ ስለ ገበያው ያለው ልክ ነበርና ማልደን አለፍነው። ጥቁር ውሃ ላይ የሐዋሳ ብስክሌተኞች ተቀላቀሉን፤ ከተማው ሜዳ ነውና ተማሪውም ሠራተኛውም ይነዳል፣ ሽበታም ሰው ብስክሌት ላይ ማየት ማንንም አላስገረመም። ያ ለአባቴ ትልቅ ነገር ነበር። አሞራ ገደል ዓሣ በልተን ለእናቴ ደወለ፣ ደርሰናል አላት፣ ጉልበቱ ደህና እንደሆነ ደጋግሞ ማለላት።

ቀጥሎ ብስክሌቶቹን በአውቶቡስ ለመመለስ ከረዳቱ ጋር ልንዋዋል መናኸሪያ ሄድን። ዋጋ ሲከራከር ስለ አርባ ምንጭ መንገድ ጠየቀው። አውቶቡሱ ውስጥም እዚያው ላይ ነበር። «ሐላባ ድረስ አያስቸግርም። ሶዶ መግቢያ ግን ዳገት አለ፣ ረጅም ነው፣ ማልደን ነው የምንወጣው። ከሶዶ ወዲያ ደግሞ አብዛኛው ቁልቁለት ነው፣ ሙቀቱም ሌላ ነው።» ትንሽ አሰበ። «ረዳት፣ አዲስ የፍሬን ሸራ ግዢ። ለሁለታችንም፣ የፊትና የኋላ።»